ሀገር በቀል ዕፅዋት በጓሮ

ሀገር በቀል ዕፅዋት የሚባሉት፣ የሰው እጅ ከባሕር ማዶ ሳያመጣቸው፣ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ምድር አፈርና አየር ሲበቅሉ የኖሩ ዛፎች፣ ቍጥቋጦዎች፣ ሐረጎችና አበቦች ናቸው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች መኖራቸውን ሊቃውንተ ዕፅዋት መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከዐሥር አንዱ ያህል በሌላ ሀገር አይገኝም። ይህን የመሰለ በረከተ ምድር እያለ በአዲስ አበባ ግቢዎች ዓይን የሚሞላው ግን፣ ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው ባሕር ዛፍና ከደቡብ አሜሪካ የፈለሰው ቡገንቪላ ነው።

ለጓሮው ተክል የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የቦታውን ከፍታ ነው፤ ሀገር በቀል መባሉ በሀገሪቱ በየትም ይጸድቃል ማለት አይደለምና። በከፋ ደን ጥላ ሥር ሙቀትና ርጥበት ለምዶ የሚያድገው ኮረሪማ በእንጦጦ ግርጌ ፍሬ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የደጋው ኮሶም ወደ ቆላ ቢወርድ ይመነምናል። ለወይና ደጋ ዋንዛና ብሳና ይስማማሉ፤ ዋንዛ በተለይ ነጭ አበባው ንብ ስለሚጠራ ቀፎ ላለው ሰው ይመረጣል።

ኮሶን የሚተክል ሰው፣ ወንዴውና ሴቴው አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ እንደሚያብቡ ይወቅ፤ ወደ ቀይ የሚያደላውና አባቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት ያደረጉት የሴቴው አበባ ነው። ጥድ የሚገዛም ሰው ፍሬውን ይመልከት፤ የሐበሻው ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚጠቁር ሲሆን፣ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ግን እንጨት የሚመስል ደረቅ ፍሬ ያፈራል። ሁለቱም በችግኝ ጣቢያ «ጥድ» ተብለው ሲሸጡ ይታያል።

ወይራ ትዕግሥት ይፈትናል። የፍሬው ሥጋ ታጥቦ ከተወገደ በኋላ የሚቀረው ቅርፊት እንደ አጥንት የጠነከረ ስለሆነ፣ ውስጡን ሳይጎዱ ጫፉን በጥንቃቄ ሰንጥቀው ካልዘሩት ቡቃያው እጅግ ይዘገያል። ከበቀለ በኋላም እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ድርቅን ይችላል፣ ጢሱም የጠላ ጋን ያጥናል።

ግቢው ጠባብ ለሆነበት ሰው ታላላቆቹን ዛፎች ትቶ ወደ ቍጥቋጦው መመለስ ይበጃል። ለአጥር ሰንሰል ተቈርጦ ቢተከል በቀላሉ ሥር ይሰድዳል፤ እሾህ የፈለገ ኮሽምን ወይም ነጭ አበባዋ የሚያምረውን ቀጋን ይተክላል፤ ቀጋም በሀገራችን በዱር የምትበቅል ጽጌረዳ ናት። የወፍ ቆሎ ግን፣ አበባው ቢያማልልም፣ ከባሕር ማዶ ለጌጥ መጥቶ የግጦሽ መሬትን የወረረ ስለሆነ ከአጥር ሊገባ አይገባውም። ለማእድ ቤት ደግሞ ጌሾና ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ኮሰረት አሉ፤ እነዚህ የሌሉበት ጓሮ በእኔ አስተያየት ጎደሎ ነው። ለማእድ ከሚተከሉት መካከል የእንሰት አባዛዝ የሚያስደንቅ ነው፤ አምቾ የሚባለው ወፍራም ሥሩ እምብርቱ ተፍቆ ወጥቶ ሲቀበር፣ ከአንዱ አካል ብዙ ቡቃያዎች በዙሪያው ይነሣሉ።

ችግኝ የሚተከለው ወርኃ ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰ በኋላ ነው፤ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቈፍሮ፣ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ፣ የላስቲኩ ከረጢት ሥሩን ሳይበትን ይቀደዳል። ሀገር በቀል ነው ተብሎ ችላ የተባለ ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ ስለማይሻገር፣ ከጥቅምት እስከ በልግ ውኃ ሊጠጣ ግድ ነው።

ብርቅ የሆኑት ዛፎች በብዛት ተጠብቀው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። ስለዚህ ዘር የሚሻ ሰው ከዚያ ቡቃያ አይንቀል፤ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ ይልቀም።