የጋፋት ሠረገላና የደላንታ ጎዳና

ከሻሸመኔ ተነሥቶ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ወደ ሮቤና ጎባ የሚዘልቀው ጎዳና ዲንሾን የሚያቋርጠው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ብርዳም ደጋ ፈረስ የገበሬው የኑሮ አጋር ነው። ከፈረሱ ኋላ የሚጎተተው ጋሪ ግን ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ አይደለም። እግሩ ካረጀ መኪና የተፈታ ጎማ ነው፤ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት ከተጣለ ተሽከርካሪ የተገኘ ነው፤ አካሉ ደግሞ ጣውላና አጣና ነው። ጎዳናውን ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእጅ ያለውን አገናኝቶ ለሩቅ መንገድ የሚሆን ተሽከርካሪ የማበጀት ጥበብ በኢትዮጵያ ታሪክ ታላቅና መራራ ምዕራፍ አለው።

ምዕራፉ የተጻፈው የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን ዘመን የዘጉት በጦር ኃይል ነበር። ጠመንጃና መድፍ ከባሕር ማዶ በልመና እንደማይገኝ በተረዱ ጊዜም ፊታቸውን ወደ ጥበበ እድ መለሱ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ መዶሻቸውን ፈለጉ። እነርሱም መድፍ የመሥራት ልምድ እንደሌላቸው ቢናገሩም ከመሞከር አልዳኑም። ሙከራው ደጋግሞ ከሸፈ፤ በመጨረሻ ግን ነሐሱ ቀልጦ በቅርጹ ፈሰሰ። በክሪሚያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተወለደ።

መድፉ ተወለደ እንጂ እግር አልነበረውም። ስለዚህ የጋፋት ሠራተኞች ሠረገላ አበጁለት። ሠረገላ ሲኖር ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል፤ አገሪቱ ግን የበቅሎና የእግረኛ እንጂ የመንኮራኩር ጎዳና አልነበራትም። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ ጉዞውና የመንገዱ ሥራ አንድ ሆኑ። ድንጋይ ተፈነቀለ፣ ዛፍ ተመነጠረ፣ ገደል ተደለደለ። በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ሴባስቶፖልን ወደ ዋድላና ደላንታ አወጣው፤ በጂዳና በበሽሎ ገደሎች አወረደው፤ መልሶም አወጣው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡና መሬት ሲደለድሉ ይውሉ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ዛሬ በጥቂት ሰዓት የሚታለፈው አገር ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

በዚያው ወራት ሌላ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይገሠግሥ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከባሕር ዳርቻው የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ መድፉን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ መጣ። በአንድ በኩል የኢንዱስትሪ አብዮት ያበለጸገው መንግሥት፣ በሌላ በኩል የሰው ትከሻና ጠፍር ወደ አንድ አምባ ተሽቀዳደሙ።

ቴዎድሮስ ቀድመው ደረሱ። ይሁንና የሽቅድምድሙ ውጤት በመንኮራኩር ብቻ የሚወሰን አልነበረም። የበጌምድር ገበሬ በዘረፋና በቃጠሎ ተማሮ ከድቷቸዋል፤ ናፒየር ያለፈባቸው የትግራይ፣ የላስታና የወሎ ገዦችም ለንጉሡ አልተዋጉም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከምርኮኛ የማይለዩ ነበሩ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከሁሉ የሚመረው ግን ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበትን የጂዳና የበሽሎ ጎዳና የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ተጠቀመበት።

ከዚያ በኋላ የጋፋት ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ። እዚያ ሲሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያን እጆች የያዙትን ጥበብ ተረክቦ የሚያሳድግ ሥርዓት አልተተካም። ቀጥቃጩን በንቀት ስም የሚጠራ ማኅበረሰብ ማረሻውንና ጦሩን ከእርሱ እየተቀበለ ክብሩን ነፍጎት ኖሯል። የቴዎድሮስ ታላቅነት የብረት ሥራን የመንግሥት ዋና ጉዳይ ማድረጋቸው ሲሆን፣ ጉድለታቸውም የሠራተኛውን እጅ እንጂ የሕዝቡን ልብ አለመያዛቸው ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ተቀምጧል፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ሠረገላውን የገጣጠሙትና ጠፍሩን የሳቡት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም። በዲንሾ ጎዳና ከወዳደቀ ብረት የተሠራው ጋሪ ኳኳ እያለ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ የእነዚያ ባለ ስም የለሽ እጆች ቅሪት ነው። እጁ ዛሬም አለ፤ የሚጠብቀው ምድጃውንና ክብሩን ነው።