የሚያዥ ግድብ፦ ከሆስፒታል ግቢ የጀመረ ታሪክ

በመገናኛ መጽሔታችን ላይ የጤና ምሩቃን ስለ ሕክምና፣ የምህንድስና ምሩቃን ደግሞ ስለ ግንባታ መጻፍ ልማዳችን ነው። እኔ ግን ዘንድሮ አጥር ልሻገርና ስለ አፈር ግድብ ልጻፍ። «አንቺ ሐኪም ነሽ፣ ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያስቸግራቸው ከተሞቻችን የጎርፍ ውሃ ማቆያ ኩሬ ያስፈልጋቸዋል። ኩሬውን የሚይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአፈር ግድብ ነው። ግድቡ እንዳይፈርስ የሚያደርገው እውቀት አንዱ ምንጩ የሆስፒታል ግቢ ነው፤ ካልተጠነቀቅን መዘዙም ተመልሶ ወደ ሆስፒታል ይመጣል።

ታሪኩ የሚነሳው ከፈረንሳይዋ ዲዦን ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዲዦን ንጹሕ ውሃ የቸገራት ከተማ ነበረች። የከተማዋ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1840 የሮዝዋር ምንጭን ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዞ ከተማዋን ውሃ አጠጣ። በኋላም ውሃን በአሸዋ ስለማጣራት ማጥናት ጀመረ። በ1855 በከተማዋ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ቧንቧ አቆመ፤ አሸዋ ሞላበትና ውሃ እያሳለፈ ለካ። በማግስቱ ዓመት ያሳተመው ሕግ ቀላል ነው፦ የውሃው ግፊት ልዩነት ሲጨምር በአሸዋው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚጓዝበት መንገድ ሲረዝም ይቀንሳል።

ይህ ለግድብ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ከአፈር የተሠራ ግድብ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ፣ ውሃ ያሰርጋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያሰርጋል ወይ ሳይሆን ምን ያህል ያሰርጋል፣ በየትስ ይወጣል የሚለው ነው። ጥያቄው የሞት ጥያቄም ነው። በ1864 መጋቢት ወር፣ በእንግሊዝ ሼፊልድ አጠገብ የነበረው የዴል ዳይክ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ በሚሞላበት ወቅት በሌሊት ፈረሰ፤ 240 ያህል ሰው ሞተ። በዚያ ዘመን ግድብ የሚሠራው በልምድ ነበር።

ልምዱን ወደ ሳይንስ ካሸጋገሩት ዋነኛው፣ በፕራግ የተወለደው ካርል ቴርዛጊ፣ ምርምሩን ያካሄደው ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ በተራ መሣሪያዎች ነበር። በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ሲገፋ ቅንጣቶቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፉት ጫና ይቀንሳል። አፈሩ ያንኑ ያህል ክብደት ቢኖረውም ጉልበቱን ያጣል። በግድቡ እግር በኩል የሚወጣው ውሃ ኃይል ሲያገኝ ደግሞ ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ይዞ ይወጣል። ቀዳዳው ከመውጫው ጀምሮ ወደ ኩሬው እያደገ ይሄዳል። ከላይ ሣሩ ለምለም ነው፤ ውስጡ ግን ተበልቷል። እኛ ሐኪሞች እንዲህ ያለ በሽታ እናውቃለን።

በ1976 ሰኔ 5 ቀን በአሜሪካ አይዳሆ የሆነው ለዚህ ትልቁ ምስክር ነው። ቁመቱ 93 ሜትር የነበረው የቴተን ግድብ ገና የመጀመሪያ ውሃውን እየሞላ ነበር። ጠዋት ላይ ከጎኑ የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ ታየ። ቀዳዳውን ሊደፍኑ የተላኩትን ቡልዶዘሮች ቀዳዳው ራሱ ዋጣቸው፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተናደ። 11 ሰዎች ሞቱ። የግድቡ እምብርት በቀላሉ ከሚሸረሸር ደቃቅ አፈር የተሠራ ሲሆን፣ ከተሰነጣጠቀው አለት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቂ ማጣሪያ አልነበረውም።

መድኃኒቱ አሸዋ ነው። መጠኑ በጥንቃቄ የተመረጠ የአሸዋ ንብርብር በግድቡ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ይይዛል። መግል የያዘን ቁስል ደፍኖ ከመስፋት ይልቅ መውጫ እንደምናበጅለት ማለት ነው። ትንንሽ ኩሬዎች ላይ ደካማው ቦታ ግድቡን አቋርጦ የሚያልፈው የማስተንፈሻ ቧንቧ ነው፤ በቧንቧው ዳርና ሥር አፈሩን በደንብ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ውሃ እሱን ተከትሎ ይሾልካል። ድሮ ቧንቧው ላይ የኮንክሪት አንገትጌ እየሠሩ ውሃውን ለማገድ ይሞክሩ ነበር። በ1980ዎቹ የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ትቶ በቧንቧው ዙሪያ የአሸዋ ማጣሪያ ወደ ማድረግ ዞረ። ማገድ ሳይሆን ማጣራት አዋጣ።

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን አፈር አለን። ዋልካው ወይም መረሬው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የጎርፍ ኩሬ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ድንገት በአንድ ዝናብ ይሞላል። እንዲህ ባለ አፈር የተሠራ ግድብ ከተሰነጠቀ ውሃው የተዘጋጀ መንገድ ይጠብቀዋል። አጠቃቀጡም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው ራልፍ ፕሮክተር በ1933 እንዳሳየው፣ አፈር በደንብ የሚጠቀጠቀው በጣም ሳይደርቅ፣ በጣምም ሳይርስ፣ በስስ በስሱ ሲነጠፍ ነው። የጭቃ ቤት ያቦካ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የትግራይ ጥናት፣ በትንንሽ የመስኖ ግድቦች አቅራቢያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ መጠን ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ሆኖ ማግኘቱን ገለጸ። በኋላ በዚያው ክልል የተደረገ ሌላ ጥናት ዕጮቹ ከሚራቡባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ከግድቡ እግር ሥር የሚያዠው ውሃ የሚሠራው እርጥብ ቦታ መሆኑን አሳየ። ልብ በሉ፦ መሐንዲሱ የአደጋ ምልክት የሚፈልግበትም፣ ሐኪሟ ትንኝ የምትፈልግበትም ቦታ አንድ ነው።

ኩሬው ሲባዶም ሁለቱ ሙያዎች መነጋገር አለባቸው። ዕጩ ትንኝ ለመሆን በሞቃት ቦታ እንኳ ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ውሃው ከሦስት ቀን በላይ ባይቆይ እንወዳለን። መሐንዲሱ ግን ውሃው በአንዴ ሲጎድል በውሃ የራሰው የግድቡ የውስጥ ገጽ ሊንሸራተት እንደሚችል ያውቃል። ልኩ የሚገኘው አብሮ በማስላት ነው።

እንግዲህ ምሩቃንም መምህራንም፣ በምትሠሩበት ከተማ የኩሬ ንድፍ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ አንሱ፦ የሚሰርገው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? ከዝናብ በኋላ የግድቡን እግር የሚያይ ሰውስ ማን ነው? ጥርት ያለ ውሃ ከታየ ወደ ቦይ ይመራ፣ መጠኑም ይለካ፤ ቢጨምር መሐንዲስ ይመርምረው። የደፈረሰ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ከግድቡ በታች ያሉት ሰዎች ይነሡ፣ ከዚያ ስለ ግድቡ ይታሰባል።