የሚጫን ኮድ ምርመራ፤ የጃቫ ታሪክ ከ1995 እስከ 1998

ከሩቅ የመጣ ፕሮግራም በኮምፒዩተራችን ውስጥ ሊሠራ ሲገባ ማን ይመረምረዋል? ይህ ጥያቄ የጐላው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጃቫን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ነው። የጃቫ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ ክፍሎቹ በተፈለጉ ጊዜ አንድ በአንድ ይገባሉ። ስለዚህ በመግቢያው ላይ መርማሪ ቆመ፤ ይኸውም ኮዱ ከመሥራቱ አስቀድሞ ቍጥርን እንደ አድራሻ አድርጎ ያልተፈቀደለትን የማኅደረ ትውስታ ቦታ እንዳይነካ ያጣራል።

ነገር ግን መርማሪም ይሳሳታል። በ1996 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጥበቃ ውስጥ ቀዳዳ መኖሩን አሳዩ። በ1997 በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የታተመ ኮድ መጣ፤ ሆኖም ማኅተም የላኪውን ማንነትና ዕቃው በመንገድ አለመለወጡን እንጂ የውስጡን ደግነት አይመሰክርም። ደግሞም ሁለት ጫኞች በአንድ ስም ሁለት ልዩ ልዩ ክፍሎችን ቢያመጡ ምርመራው ይታለል ነበር። ሼንግ ሊያንግና ጊላድ ብራቻ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፥ ጫኞቹ በሚጋሩት ስም አንድ ክፍል ብቻ እንዲያውቁ የሚያስገድድ ደንብ አቀረቡ።

እንግዲህ ማን ላከው? ምን ይዟል? ስሙስ የማን ነው? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ ላንዱ የተሰጠው መልስ ለሌላው አይበቃም።