ከአፊሌ እስከ ስድስት ኪሎ



ባለፈው ዓመት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሮም የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እህቴ የምትተዳደረው አንዲት አሮጊት በመንከባከብ ነው። በእረፍት ቀኗ «የት ልውሰድሽ?» ብትለኝ «አፊሌ» አልኳት። ስንት ዓመት ጣሊያን ኖራ ስሙን ሰምታው አታውቅም።

አፊሌ ከሮም በስተምሥራቅ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዋ 1,500 ሰው ገደማ ነው። መንገዳችን በሱቢያኮ ከተማ በኩል ነበር። እዚያ ኔሮን ቄሳር የአኒዬኔን ወንዝ አስገድቦ፣ ሐይቅ አሠርቶ፣ በዳር ያስገነባው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። የከተማው ስም ራሱ «ከሐይቆቹ በታች» ማለት ነው። ዛሬ ሐይቆቹ የሉም፤ ከቄሳሩ ቤት የቀረው የፈራረሰ ግንብ ብቻ ነው።

አፊሌ ስንደርስ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ፣ በየመስኮቱ አበባ፣ በር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች ተቀበሉን። ጳውሎስ ላደገች ሴት ዳገት ብርቅ አይደለም። እኔ የሄድኩት ግን መናፈሻው ውስጥ ያለውን ሐውልት ላይ ነው። ሐውልቱ ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ለማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ነው። ፊቱ ላይ በጣሊያንኛ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። ግራዚያኒ በ1947 ዓ.ም. ሞቶ የተቀበረው በዚችው መንደር ነው።

ይህ ሰው ለእኛ ማን እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት መንገር አያስፈልገኝም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የጣሊያን ልዑል ተወለደ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሕዝብ በመትረየስ ተረሸነ። ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ሰው ተገደለ፣ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። የአገራችን መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል።

አያቴ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጉለሌ የነበረው ሣር ቤታቸው ሲነድ እናቷ አዝላት ወደ እንጦጦ ጫካ ሮጠች። አባቷ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ቅድመ አያቴ ስትመለስ የቀራት አመድና አንድ ጋን ነበር። በዚያ ጋን ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ልጅ አሳደገች። ያኔ እንደኛ ዓይነት ማኅበር አልነበረም፤ መነሻ የሚሆናትን ጌሾና እህል ያበደሯት ጎረቤቶቿ ነበሩ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ሐውልቱ ፊት ቆሜም ያሰብኩት ስለ ሂሳብ ነው። ክልሉ ገንዘቡን የሰጠው ለመናፈሻ ሥራ ነበር፤ ከዚያ 127,000 ዩሮ ገደማ ለዚህ ሐውልት ዋለ። ጉዳዩ ሲታወቅ ክልሉ ክፍያውን አገደ፤ በ2010 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በከንቲባው ላይ ፋሺዝምን በማወደስ ወንጀል የስምንት ወር እስራት ፈረደ፤ በኋላ ግን የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ሲውል ምን እንደሚመስል በድንጋይ ተሠርቶ አየሁት። ደጋፊዎቻችን እያንዳንዱን ደረሰኝ ስጠይቅ ለምን እንደማከርር ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሂሳብ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በገዛ አገሩ 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ጥፋቱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነው። በወራት ውስጥ ተፈታ። በኢትዮጵያ ላደረገው አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። በመዝገቡ የእኛ ዓምድ ባዶ ነው።

ስንመለስ በር ላይ ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ ውሃ ሰጡንና ከየት እንደመጣን ጠየቁ። እህቴ «ከአዲስ አበባ» አለቻቸው። ዝም ብለው ቆዩና ሐውልቱ ወዳለበት አንዴ አይተው የእህቴን እጅ ያዙ። ምንም አላሉም። እኔም በሴትዮዋ ቂም አልያዝኩም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን የተወጋም ይረሳል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ይረሳል። የቅድመ አያቴ ቤት ደረሰኝ የለውም፤ የአባቷም ስም በየትኛውም መዝገብ ላይ አላገኘሁትም። አያቴ ካለፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ከነገረችኝ ውስጥ ግማሹን ረስቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በወር ስብሰባችን ቁጠባ ስንሰበስብ አንድ ደብተር ከጎን እንክፈት። እናቶቻችን፣ አያቶቻችን የነገሩንን እያንዳንዳችን እናስጽፍ፤ ስም፣ ሰፈር፣ የጠፋው ሰው፣ የተቃጠለው ቤት፣ መልሶ ያቆማቸው ሥራ። በየካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ስናስቀምጥ ደብተሩንም ይዘን እንሂድ።

የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ጽፌዋለሁ፤ አንድ ጋን ይላል።