ከዘነበ ወርቅ እስከ ኤፍራታ፦ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሴቶች ስም እንደ ሥነ ቃል

የአማርኛ ሥነ ቃል ሲጠና ተረትና ምሳሌው፣ እንቆቅልሹ፣ ቀረርቶና ፉከራው፣ ሙሾና እንጉርጉሮው እየተለየ ይመደባል። የሴት ልጅ ስም ግን በዚህ ምደባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም። ምናልባት በጣም አጭር ስለሆነ ይሆናል፤ ምናልባትም አውጪዎቹ በአብዛኛው እናቶችና አያቶች ስለሆኑና ሥራቸው እንደ ድርሰት ስለማይቆጠር ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በቀድሞዎቹ የመንዝና ግሼ እንዲሁም የመርሐ ቤቴ አውራጃዎች፣ የሴት ልጅ ስም ምን ዓይነት ድርሰት እንደነበረና በቅርቡ ትውልድ ምን እንደሆነ መመርመር ነው።

ለጥያቄው መነሻ የሆነን የተማሪዎች የምዝገባ ቅጽ ነው። ቅጹ የተማሪዋን ስምና የእናቷን ስም ከላይና ከታች ያስጽፋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ የመጡ ልጃገረዶች ሲሞሉት ከላይ ቤተልሔም፣ ከታች ዘነበች፤ ከላይ አርሴማ፣ ከታች ማንያህልሻል፤ ከላይ ኤፍራታ፣ ከታች ማንጠግቦሽ ዓይነት ስም ይነበባል። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመታት ለተወለዱት ሐና፣ መቅደስ፣ ቅድስት፣ ኤደን፣ ማርያማዊትም ከሚዘወተሩት ስሞች መካከል ናቸው። በታችኛው መስመር ግሥ አለ፤ በላይኛው የለም።

ግሡ የት እንደነበረ ለማየት ወደ ሰላ ድንጋይ እንሂድ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የኖሩት በዚያ ሲሆን ስማቸው ዘነበ ወርቅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሸዋን ያዩት ክራፍና ሃሪስ ስሙን በ«ብ» ሳይሆን በ«ም» ጽፈውታል። ይህ የባዕድ ጆሮ ስሕተት ብቻ አይመስለንም። በግእዝ ዝናም፣ በአማርኛ ዝናብ እንደሚባለው ሁሉ ስሙም በሁለቱ ልሳኖች መካከል የቆመ ነው። አማርኛ «ወርቅ ዘነበ» ብሎ ግሡን ወደ መጨረሻ ይወስዳል፤ ስሙ ግን በግእዝ ሥርዓት ግሡን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል። እንግዲህ በሁለት ቃል ብቻ የተሟላ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም በቅኔ ቤት ልማድ የተገነባ፣ አለን ማለት ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን በአርበኝነቷ የታወቀችው የሸዋረገድ ገድሌ ስምም እንደዚሁ ነው። ሕፃኗ ገና ጡት ሳትጥል አገሩ፣ ሸዋ ራሱ፣ የግሥ ባለቤት ሆኖላታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የተናጋሪው ማንነት ነው። የዐፄ ምኒልክ እናት ስም እጅጋየሁ ነው። ቢፈታ «እጅግ አየሁ» ይሆናል። አየሁ ያለው ማን ነው? ስም አውጪው ነው እንጂ ባለስሟ አይደለችም። ስለዚህ ጎረቤትም ሆነ ዘመድ «እጅጋየሁ» ብሎ በተጣራ ቁጥር ሳያውቀው በስም አውጪው አፍ ይናገራል። ማንያህልሻል ደግሞ ለልጅቱ የሚነገር ነው፤ «አንቺን ማን ያህላል?» ማለት ነው። «ማንያህልሻል ውኃ ልትቀዳ ወረደች» ስንል ዐረፍተ ነገሩ ስለ ሦስተኛ መደብ ያወራል፣ በውስጡ ያለው ስም ግን ሁለተኛ መደብን ያናግራል። ሰዋስው የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ተራ ነገር እንደማያልፉት ተስፋ እናደርጋለን። ዘነበች፣ ላቀች፣ አስናቀች የሚሉት በሦስተኛ መደብ ሲሆኑ ከሩቅ ቆመው የሚመሰክሩ ናቸው።

የሣህለ ሥላሴ ባለቤት ስም በዛብሽ ነበር። የ«ብ»ን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው «በአንቺ በኩል በዛ፣ በረከት በአንቺ መጣ» ነው። ሁለተኛው «ጨለመብሽ» ወይም «ከበደብሽ» እንደሚባለው «መከራው በዛብሽ» ነው። ዶናልድ ሌቪን መንዝን ያጠናበትንና እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሲሰይም ስያሜውን ከቅኔ ወስዶታል። ቅኔ ቤት ያልገቡ እናቶችም ሰምና ወርቁን በልጆቻቸው ስም እንዳኖሩት መጨመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ናፍቆት እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የተወለዱት ከሞት ነው። ማስረሻ የምትባል ልጅ የምታስረሳው አለ፤ ከእርሷ በፊት የተቀበረ ልጅ ነው። ምትኬም እንዲሁ የሌላ ምትክ ናት። ትርፌ ከሌሎቹ ተርፋለች። ሙሾው በቀብር ዕለት ተደርድሮ ሲያበቃ ስሙ ግን በሕይወት ባለች ልጅ ላይ እየዞረ፣ ከብት ስትጠብቅም እንጨት ስትለቅምም ይጠራል። አንዲት ሴት ዕድሜዋን በሙሉ የሌላ ልጅ መታሰቢያ ሆና ትኖራለች ማለት ነው። በጥበብ ደረጃ ሲመዘን ጥልቅ ነው፤ ለተሸካሚዋ ግን ሸክም ነው።

እንዲህ ያለው ስም እየቀነሰ ከሄደባቸው ምክንያቶች አንዱም ሞቱ መቀነሱ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆኗል። 67ም ትንሽ አይደለም። ሆኖም ምትክ የማያስፈልጋቸው እናቶች ቁጥር በዚሁ መጠን ጨምሯል።

ለአዲሶቹ ስሞች በብዛት የሚቀርበው ወቀሳ «የባዕድ ስም» የሚል ነው። ይህን ወቀሳ አንቀበለውም። የደጋው ሴት ከጥንትም ሁለት ስም ነበራት። በ80 ቀኗ ስትጠመቅ (ወንድ በ40 ቀኑ ይጠመቃል) ወለተ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን፣ አመተ ሥላሴ የመሰለ የክርስትና ስም ይሰጣታል። ይህ ስም የአደባባይ አልነበረም። በቄሱና በቤተ ሰቡ ዘንድ ተሰውሮ ይቆያል፤ መተት የሚሠራ ሰው እንዳያገኘው ይፈራል፤ ለቁርባንና በመጨረሻም ለጸሎተ ፍትሐት ይወጣል። የሰዋስው ጠባዩን ብንመለከት ግሥ የለውም። «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ አገልጋይ» ከማለት አያልፍም። እንግዲህ አርሴማና ማርያማዊት ከባሕር ማዶ አልመጡም፤ ከጓዳ ወደ አደባባይ ወጡ እንጂ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ስለት ይዛ የምትወጣ እናት የተሳለችበትን ስም ዛሬ ለቄሱ ብቻ አትተወውም፤ ለትምህርት ቤቱም ታስመዘግበዋለች። በዚህ ለውጥ የጠፋው ሃይማኖት ወይም አገር ሳይሆን የቤቱ ስም፣ ማለትም የእናትየው ዐረፍተ ነገር ነው።

በዚህ ረገድ ኤፍራታ የሚለው ስም ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በትንቢተ ሚክያስ ምዕራፍ 5 ቤተልሔምና ኤፍራታ አብረው ይጠራሉ፤ ወላጆችም ከዚያ እንደወሰዱት ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ከመንዝ ገደል ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ኤፍራታ የመጽሐፍ አገር ብቻ አይደለም። መዲናዋ አጣዬ የሆነችው የኤፍራታና ግድም ወረዳ እዚያው ከሥር ትገኛለች። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ከዚያ የሸሹ ሰዎች ወደ ደጋው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ለእነርሱ ይህ ስም ሲጠራ የሚሰማቸው ሌላ ነው። ያም ሆኖ ስሙ ራሱ ምንም አይልም። የሚያዝነውም የሚጽናናውም ሰሚው ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 35ን ብንገልጥ ደግሞ በኤፍራታ መንገድ ላይ ስም ሲወጣ እናገኛለን። ራሔል ምጥ ጸንቶባት ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ፣ አለችው፤ አባቱ ግን ብንያም ብሎ ለወጠው። ልያም በምዕራፍ 29 ለእያንዳንዱ ልጇ ስም ስታወጣ የልቧን እየተናገረች ነው፤ ያንዱ መታየት፣ የሌላው መሰማት ነው። የመንዝ እናት ብታነባቸው ሥራቸውን ታውቀዋለች። እኛ ከዕብራይስጡ የተዋስነው ድምፁን ነው፤ አሠራሩ ግን በቤታችን ነበረ።

ከግሼ የመጣች አንዲት ተማሪያችን፣ በቅጹ ላይ የተጻፈው ስሟ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ፣ ስለ ስም የቤት ሥራ በሰጠንበት ሰሞን ቢሮ ድረስ መጥታ «አያቴ በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም» አለችን። አያቷ የሚጠሯት ምትኬ ብለው ነው። የማን ምትክ እንደሆነች ስንጠይቃት አታውቅም ነበር። ለትንሣኤ አገሯ ስትገባ እንድትጠይቃቸውና በእርሳቸው ቃል እንዳለ እንድትጽፍልን ነገርናት። ይዛው መጣች፤ ግማሽ ገጽ ነው፤ ከፈተና ወረቀቶቹ ለይተን አስቀምጠነዋል።