የካሜራው ርቀት፦ ኮረም፣ ራያ እና የ1977ቱ ምስል



ስለ ካሜራ አቀማመጥና እንቅስቃሴ እንድናገር ተጋብዤአለሁ። ነገሩን የምጀምረው ካደግሁባት ከዋጃ ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ዋጃን አቋርጦ ያልፋል፤ ከአላማጣ በላይ መንገዱ በግራ ካሕሱ ተጠማዝዞ ኮረም ይወጣል። በድርቁ ዘመን የራያ ቆላ ማሽላ ሲከስም፣ የእኛም ሰዎች እርዳታ ፍለጋ ያንን ዳገት ወጥተዋል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሰራጨውን የኮረም ዘገባ የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ የተረከው ማይክል በርክ ነበር። ዘገባው በንጋት ይከፈታል። ካሜራው በሜዳው ላይ የሰፈረውን ሕዝብ በሩቅ ያሳያል፤ ቀጥሎ ወደ ፊቶች ይቀርባል። የሩቁ ቀረጻ ብዛትን፣ ክሎዝ አፕ የምንለው የቅርቡ ደግሞ የአንድን ሰው ሥቃይ ያስረዳል። ዓለም በሁለቱ ተነቃነቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ተካሄደ።

ሆኖም ፊትን ብቻ ያየ ሰው የረኃቡን ምክንያት አያይም። ምክንያት የሚገለጠው ምስል ከምስል ሲጋጠም ነው። ለዚህ ምስክራችን የራሳችን ታሪክ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኃብ ላይ የሠራውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የኮረም ምስል ከመታየቱ ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ ያው መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ሁለቱን ምስሎች አጋጥሞ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የሚያሳይ ግን አልተገኘም፤ መቀሱ በመንግሥት እጅ ነበርና።

ዘገባውን ከዓመታት በኋላ ለእናቴ አሳየኋት። በቅርቡ ቀረጻ ዓይኗን ሸፈነች፤ የሩቁ ሲመጣ ግን «አቁምልኝ» አለችኝ። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ፣ «እዚህ ውስጥ ነበርን» ብላ ወንድሟን ስትፈልግ ቆየች። እኔ ለተማሪዎቼ የሩቅ ቀረጻ ሰውን ስም አልባ ያደርጋል እያልሁ አስተምር ነበር። ለባዕድ ተመልካች እውነት ነው፤ በዚያ ለነበረ ሰው ግን የጠፋ ዘመድ የሚፈለግበት መዝገብ ነው።

ስለዚህ አንድን ቀረጻ ስትተነትኑ ከየት እንደተነሣ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያየውም ጠይቁ።