ከካም ዘር የተባሉት

የእንግሊዙ መንገደኛ ጆን ሃኒንግ ስፒክ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲጓዝ በ1861 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከካራግዌው ንጉሥ ከሩማኒካ ግቢ ባረፈ ጊዜ፣ የንጉሡ የትውልድ ሐረግ በኢትዮጵያ በኩል አልፎ እስከ ልበ አምላክ ዳዊት እንደሚደርስ አስረዳው፤ ንጉሡም እንዲህ ባለው የዘር ቈጠራ ደስ መሰኘቱ አያስደንቅም።

ስፒክ የካራግዌን ጎረቤት ሩዋንዳን፣ ተራሮቿን ከሩቅ ከማየት በቀር፣ አልረገጣትም። ሆኖም በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዚያ አውራጃ ከብት የሚያረቡትና የሚነግሡት ወገኖች ከኢትዮጵያ፣ ከኦሮሞ ሕዝብ የወጡ መጤዎች ናቸው ሲል ያለ አንዳች የጽሑፍ ምስክር ደነገገ። ኖኅ በከነዓን ላይ ያወረደውን እርግማን በካም ልጆች ሁሉ ላይ ዘርግተው ባርነትን ሲያጸድቁ የኖሩት ሊቃውንተ አውሮፓ፣ በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ያንኑ ካምን ከእርግማኑ ፈትተው የነጭ ታናሽ ወንድም አድርገውት ነበርና፣ ትምህርቱ ተቀባይ አላጣም።

የሩዋንዳ ሕዝብ የሆኑት ሁቱና ቱትሲ በማዕረግና በሀብት ቢበላለጡም፣ በአንድ ቋንቋ በኪንያሩዋንዳ የሚነጋገሩ፣ በአንድ ኮረብታ የሚጎራበቱና የሚጋቡ ነበሩ። በኋላ አገሪቱን የያዙት የቤልጅግ ገዢዎችና ሚሲዮናውያን ግን፣ ቱትሲዎችን እነዚያ የስፒክ መጤ ነገሥታት አድርገው ቈጥረው፣ የቱትሲ አለቆችን ልጆች ለሹመት ሲያዘጋጁ በፈረንሳይኛ አስተማሩ፤ ለሁቱ ልጆች ከኪስዋሂሊ ያለፈ ትምህርት ብዙ ጊዜ አልተረፋቸውም። አስትሪዳ፣ በኋላ ቡታሬ በተባለችው ከተማ በካቶሊካውያን መነኮሳት ይመራ በነበረው ትምህርት ቤት የተማሪው ዘር በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ በ1933 እና በ1934 ደግሞ ጽሕፈቱ ከተማሪ ቤት ወጥቶ በእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ላይ ሰፈረ።

ከሁሉ የከፋው፣ የተናቁትም ያንኑ ትምህርት እንዳለ መቀበላቸው ነው። በ1957 የሁቱ ምሁራን፣ አብዛኞቹ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ፍሬዎች፣ ባወጡት መግለጫ፣ ቱትሲዎቹን የካም ዘር ብለው ከመክሰሳቸውም በላይ፣ ዘር ከመታወቂያው እንዳይፋቅ ተሟገቱ።

በኅዳር 1992 ሌዎን ሙጌሴራ፣ በካናዳ የተማረ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በካባያ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ ናትና በኛባሮንጎ ወንዝ በአቋራጭ እንሰዳቸዋለን አለ። ስፒክ ለንጉሥ ማሞገሻ ያቀረበው የትውልድ ሐረግ እዚህ የሞት ፍርድ ሆነ። መምህሩ ሊያውቀው እንደሚገባ፣ የኛባሮንጎ ውኃ ወደ አካጌራ፣ ከዚያም ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ኢትዮጵያን አይነካም፤ በ1994 በዘር ፍጅቱ ተገድለው ወደ ወንዙ የተጣሉትን ቱትሲዎች ሬሳ ከሐይቁ እያወጡ የቀበሩት የኡጋንዳ ሰዎች ናቸው።